የተገነዘው ንጉሥ

ምላሴ አያርፍም፤ አገር ያውቀዋል። ልጆቼ «እናታችን ወሬ ከጀመረች ምሳው ይበርዳል» እያሉ ያፌዙብኛል። ይህችን ነገር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባቴና እናቴ በሕይወት ሳሉ ማን ደፍሮ! አሁን ሁለቱም የሉም፤ ሆድ ይፍጀው የምልለት ሰው አልቀረኝም፤ ስለዚህ ላውራው።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የነሐስ ሳንቲም ናት። ሳንቲም ስላችሁ አንበሳ ያለባትን የጃንሆይን ሳንቲም እንዳታስቡ። ይህችኛዋ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም፤ ጠርዟ ተበልቷል፣ ዝገቷ አረንጓዴ ነው። በአንድ ወገን የሰው ራስ አለባት፤ ራሱ ተከናንቧል። ዘውድ የለው፣ ጎፈር የለው፤ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ጨርቅ ወርዶበታል። በሌላው ወገን አራት ፈረሶች ሠረገላ ይስባሉ፤ በሠረገላው ላይ ያው የተከናነበው ሰው ቆሟል፤ ከላይ ከሰማዩ አንዲት እጅ ወርዳለታለች። እጅ ብቻ፤ የማን እንደሆነች አይታይም። ልጅ ሆኜ ያቺን ሳንቲም ባየሁ ቁጥር እጄን ከኋላዬ እደብቅ ነበር፤ ይዛ የምትጎትተኝ ይመስለኝ ነበር።

ቤታችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ድብ ባሕር ሲሄዱ፣ ጣልያን ከሠራው መንገድ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበር። አባቴ ወደ አርበኞቹ ሲሄድ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርሁ፤ መልኩን አላውቀውም። ተማረከና ወደ ባሕር አወረዱት አሉ፤ ቀይ ባሕር ላይ ካለ የደሴት እስር ቤት። ጎንደር ነፃ ከወጣች በኋላ ከእሱ ጋር የተማረኩት አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ አንዱ እግሩን አጥቶ፣ ሌላው አእምሮውን ስቶ። እሱ አልመጣም። «ሞተ» የሚል የለ፣ «አየሁት» የሚል የለ። አምስት ዓመት እንዲሁ ሆነ።

እናቴ ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። በእኛ ዘንድ ባሏ ያለ ሴት ጠጉሯን ትሠራለች፤ የሞተባት ትላጫለች። እናቴ አትሠራ፣ አትላጭ፤ በሻሽ ጠቅልላው ኖረች። ለቅሶ ቤት ከመበለቶቹ ጋር ልትቀመጥ ስትል «ምነው፣ ሟርተኛ ነሽ እንዴ?» ይሏታል። ሠርግ ቤት ከባለትዳሮቹ ጋር ስትቀመጥ ደግሞ ዓይን ይበዛባታል። ሌላ እንዳታገባ ባለ ባል ናት፤ እንዳትኮራ ባል የላትም። አንድ ቀን እህል እያበጠረች፣ እኔን የረሳችኝ መስሎኝ፣ «ወይ ይምጣ፣ ወይ ይሙት፤ እኔ ምን እንደሆንሁ ልወቀው» አለች። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ የምትጠብቀው ባሏን ይሁን ሞቱን ለይቼ አላውቅም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ ስንመለስ አንድ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየጎተተ ከኋላችን ደረሰ። የአባቴን ስም ጠርቶ «ሚስቱ አንቺ ነሽ?» አላት። ነኝ አለችው። ከመቀነቱ በጨርቅ የተቋጠረች ነገር አውጥቶ ሰጣት። «ከባልሽ ነው» አለ። «ምን አለ?» ብትለው መሬት መሬቱን አየ። ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሳንቲሟን ከባሕሩ ወገን ያመጣት ሌላ ነጋዴ ነው። አዲ አርቃይ ላይ በወባ ታሞ ሲያጣጥር፣ «ይህችን ለእገሌ ሚስት አድርስልኝ፣ ከባሏ ነው» ብሎ ለዚህኛው አስጨበጠው። መልእክቱን ሳይነግረው ትንፋሹ ቆመ። ይኸኛው የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

እንግዲህ በእኛ አገር መርዶ በግልጽ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። መርዶ ነጋሪ «ሞተ» አይልም። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ዓይኑን ይሰብራል፤ ቀሪውን ሰሚው ይሞላዋል። ይህ ምስኪን ቤታችን ገብቶ ጠላ ቀረበለት፤ ዓይኑን ሰበረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። «አያ፣ እንዴት ሆነ?» ይሉታል። «ማርያምን! ሌላ አላውቅም» ይላል። «ገብቶናል፣ ገብቶናል» ይሉታል ሽማግሌዎቹ። እሱ በማለ ቁጥር ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ። «ኧረ እኔ ሞተ አላልሁም!» ብሎ ቢጮኽ የአባቴ እህት «አዬ፣ አንጀቱ አልችል ብሎት ነው» ብላ ደረቷን ደቃች። ሰውየው በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ጠላውን ጠጣ።

የእናቴ የንስሐ አባት ተጠሩ። ሸጋ ሰው ነበሩ፣ ክፋት የማያውቁ። ሳንቲሟን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ደጅ ወጡና ወደ ፀሐይ ያዟት፤ ብዙ ቆዩ። ፊደሏ የግእዝ አይደለም። ሥዕሉን ግን አነበቡት፤ ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሥዕል ማንበብ አይቸግረውም። «ይህ ሰው ተገንዟል» አሉ ራሱን እያሳዩ። ገለበጧት። «ይህ እንደ ኤልያስ ሠረገላ ያለ ነው። ይህች የእግዚአብሔር እጅ ናት፤ ነፍሱን ስትቀበል ነው። የላከው ሰው መናገር ቢከብደው በሥዕል ነገረን።» እናቴ ከእጃቸው ተቀብላ ራሷ አየቻት። ሰው ሁሉ እሷን ይጠብቃል፤ ባለቤቲቱ ካልጮኸች ለቅሶው አይጀመርም። ሻሹን ከራሷ መንጭቃ ጮኸች።

ለቅሶው በማግስቱ ሆነ። ሬሳ ስለሌለ ምስል ቆመለት፤ እንጨት አመሳቅለው የአባቴን ቡሉኮ አለበሱት፣ ጎራዴውን አስታጠቁት። ያን ቀን የወገራ ጉም ወርዶ አጠገብ ያለው ሰው እንኳ አይታይም ነበር። ለቀስተኛው ሳይታይ ጩኸቱ ብቻ ከዚያም ከዚህም ይመጣል። ነፋስ ሲነካው ምስሉ ወደ እኔ ዞር የሚል ይመስለኛል። አክስቴ «ሂጂ፣ አባትሽ ነው፣ ሳሚው» ብላ ገፋችኝ። ሳምሁት። እንጨቱ ርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወዲህ «አባትሽ» ሲሉኝ የሚታየኝ ፊት የሌለው እንጨት ሆነ። ፍታቱ ተፈታ፣ በአርባው ተዝካሩ ወጣ። ፍታቱ የተፈታው በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነበር።

እናቴ ተላጨች። በዚያ በጋ እንደ ሰው በላች፣ እንደ ሰው ተኛች፤ እኔ ደስ አለኝ። ዘመዶቿ ግን ዓመት ሳይሞላ «እርሻው ያለ ወንድ አይሆንም፣ አግቢ» ብለው ተነሡባት። እሷም እቢታዋን በአፏ አልነገረቻቸውም፤ ተነሥታ ቆብ ልትቀበል ጎንደር ወረደች። የንስሐ አባቷ «ገና ልጅ ነሽ፣ ቆይ» ብለው ለመኗት። አልሰማቻቸውም።

ቆቡን ስትቀበል አብሬያት ነበርሁ፤ ባልሄድሁ ይሻለኝ ነበር። መሬት ላይ አስተኝተው በነጭ ሸማ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈኗት። ከዚያ ለአባቴ የተፈታውን ያንኑ ፍታት ይፈቱባት ጀመር። መነኩሴ ለዓለም ሙት ነውና ሥርዐቱ እንዲህ ነው፤ ለእኔ ግን ማን ነገረኝ? ሸማውን ትንፋሿ አያወዛውዘውም። አፍንጫዋ ወጣ ብሎ ይታያል፣ ልክ እንደ ሳንቲሟ ሰውዬ። «እማዬ!» ብዬ ልሮጥ ስል አንዲት መነኩሲት በክንዴ ይዛ አስቀረችኝ። ስትነሣ ፊቷ ያው ነው፣ ዓይኗ ግን ሩቅ ነው። ወደ ቤታችን ተመለስን፤ አገር ሁሉ እማሆይ ይላት ጀመር፤ እኔ በግትርነቴ እማዬ አልሁ፤ እስክትሞት እማዬ አልሁ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ደጅ ገብስ አስጥቼ ወፍ እጠብቃለሁ። ከታች መንገዱ ላይ አንድ ማኪና ቆመና ሰው አወረደ። እግሩን እየጎተተ ሽቅብ መጣ። ውሻችን ሰው መጣ ማለት የሚወድ ቀላዋጭ ነው፤ ያን ቀን ጆሮውን አጣጥፎ ከጎተራው ሥር ገባ። ሰውየው አጥሩን ተደግፎ የአባቴን ስም ጠራና «ቤቱ ይህ ነው?» አለኝ።

«እሱ ሞቷል» አልሁት።

«መቼ?»

«ሦስት ዓመቱ።»

«ምን ገደለው?»

«እጅ ከሰማይ ወርዳ ወሰደችው» አልሁት፤ የማውቀው ይህን ነበርና።

ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን አየ፣ አገላበጣቸው። «እኔ እኮ ነኝ» አለ፤ የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር እንጂ የሚነግረኝ አይመስልም። በስመ ሥላሴ ብዬ አማተብሁ፤ ሰይጣን ከሆነ ይጥፋ ብዬ ነው። እሱም አማተበ። አልጠፋም።

እናቴ ድምፅ ሰምታ ወጣች። አየችው። ነጠላዋን ከቆቧ በላይ እስከ ዓይኗ ሳበችና «በይ፣ ለእንግዳው ውሃ ስጪው» አለችኝ። እሱ ቆቡን አየ፤ ረጅም ጊዜ ቆቡን ብቻ አየ። «ምነው?» አለ። «ፍታትዎ ተፈትቷል» አለችው፤ «የእኔም ተፈትቷል።» ይህን ብላ ወደ ቤት ገባች። ውሃውን አቀረብሁለት።

ታሪኩን ቀስ እያለ አወራው። ከእስር እንግሊዞች ፈቱት፤ እግሩ ተጎድቶ ስለ ነበር ረጅም መንገድ መራመድ አልቻለም። ምጽዋ ላይ የአንድ ሽማግሌ ግሪክ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ሳንቲሟን የሰጠው ግሪኩ ነው። አባቴ መጻፍ አይችልም፤ ሥዕሏን አይቶ ወደዳት። «ጭንቅላቱን በጨርቅ የጠቀለለ መንገደኛ ነው ብዬ አሰብሁ፤ ሠረገላው ማኪና፣ እጇም ከእስር ያወጣችኝ የእግዚአብሔር እጅ። ነጋዴውን፣ 'የሰማይ እጅ ሳበኝ፣ እግሬ ሲድን እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ' በላት ብዬ ሰጠሁት።» ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ፤ አሁንም ሳስበው ይቀፈኛል። ከሦስት ዓመት በፊት በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ያለ ሕመም ወድቆ ሦስት ቀን ምላሱ ተሳሰረ፤ አፉ ውስጥ አፈር አፈር የሚል ነገር ነበረ። ቆጠርን። እዚህ ፍታቱ የተፈታበት ሰሞን ነበር።

የንስሐ አባታቸው መጥተው እግሩ ላይ ወድቀው አለቀሱ። መጻሕፍቱን አገላበጡ፣ ጎንደር ወርደው ሊቃውንቱን ጠየቁ። ለቆመ ሰው የተፈታ ፍታት እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ አልተገኘም። ቆብ ደግሞ አይወልቅም፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይቀማም። የአባቴ ስም ከሙታኑ ጋር ተጽፏል፤ በዓመቱ ይጠራል፤ ከሙታን ዝርዝር ስም የሚፍቅ ዲያቆን ታይቶ አይታወቅም። አባቴ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ስሙ ሲጠራ ያዳምጥ ነበር። አንድ ጊዜ አብሬው ሄድሁ። ስሙ ሲጠራ «አቤት» አለ፤ ቀስ ብሎ።

ከግቢያችን ታች ጎጆ ቀለሱለት፤ በመካከል አጥር ታጠረ። ሌላ ሚስት ያግባ ያሉትን «የሞተ ሰው ምን ይዳራል» እያለ ይመልሳቸዋል። ሰዉ ክፉ አልሆነበትም፣ ግን ከእሱ ጋር ከአንድ ገበታ የሚቆርስ አልተገኘም። ልጆች ጥላውን ላለመርገጥ ዘለው ያልፉ ነበር። ከሁሉ የባሰው የሴቶቹ ነገር ነው። ልጅ የሞተባት፣ እናት የሞተችባት፣ ትንሽ ነገር በእንቅብ ይዛ ትመጣና ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ ትላለች። «አያ፣ እዚያ ልጄን አይተውት ይሆን?» ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን በቁጣ ያባርራቸው ነበር። ኋላ አንዲት ደካማ አሮጊት መጥታ ስትንሰቀሰቅ አንጀቱ አልችል አለና «ደህና ነው፤ ሸጋ ቦታ ነው ያለ» አላት። ከዚያ በቃ፣ ማን ያቆማቸው! እየቆየ መልሱ ሳይጠየቅ ይመጣለት ጀመር፤ የማያውቀውን ሰው መልክ ይናገራል፣ ጠይም ነበረ፣ ጥርሱ ፍንጭት ነበረ ይላል። ሴቶቹም «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብለው እልል ይላሉ። እኔ ወደ ውጭ ሸሽቼ ጆሮዬን እደፍን ነበር።

ራት ሳደርስለት «እስቲ እጄን ያዢው፤ ይሞቃል?» ይለኛል። ወባው አልለቀቀውም፤ እጁ ዘወትር የጉም ውሃ ነው። «ይሞቃል፣ አባዬ» እለዋለሁ። ዋሽቼዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ትፈትላለች፣ እሱ ከአጥሩ ወዲያ ገመድ ይገምዳል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ እኔ ይነጋገራሉ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና «ይህን ቆብ ጣይውና ግቢለት! እግዚአብሔር እንኳ ይስቅብሻል!» ብዬ ጮኽሁባት። በጥፊ መታችኝ። ከመነኮሰች ወዲህ እጇን ያነሣችብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ኋላ እኔ ጎንደር ከተማ ሄጄ በሆስፒታል ድሬሰር ሆንሁ። እዚያ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ነበር፤ አራዳ ገበያ እየዞረ የድሮ ገንዘብ የሚሰበስብ። ለእረፍት አገር ስገባ ሳንቲሟን ከእናቴ ሙዳይ አውጥቼ ወሰድሁለት። በአጉሊ መነጽር አያት፤ ዓይኑ በራ። በአስተርጓሚ ነገረኝ። የሮማ ገንዘብ ናት፣ ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፋት። ንጉሡ እናቱ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስቆፈረችለት ያ ንጉሥ ነው። ሲሞት ልጆቹ ያስመቷት ናት፤ ራሱ ላይ ያለው ጨርቅ የሙት ምልክት ነው፤ በሠረገላ ወደ ሰማይ ሲወጣ የእግዚአብሔር እጅ ትቀበለዋለች። «ይህ ዓይነት ለቆመ ሰው አይመታም፤ የሙት ገንዘብ ናት» አለኝ። እንግዲያ እኚያ ምስኪን ቄስ ማንም ሳይነግራቸው በትክክል አንብበዋል! አባቴም በገዛ እጁ የራሱን መርዶ ልኳል!

ይህን ሄጄ ስነግረው ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «እንግዲያ እኔ ነኛ የተሳሳትሁ» አለ። እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ሳንቲሟን ተቀበለችኝና ወደ ሙዳይዋ መለሰቻት።

አባቴ በመጣ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ገመዱን ይዞ እንደ ተቀመጠ ሞተ። ካህናቱ ተከራከሩ፤ «ፍታቱ ተፈትቷል፣ ሌላ ምን አለ?» ያሉ ነበሩ። የንስሐ አባቱ ያኔ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ በሰው ተመርተው መጥተው «እኔ ልፍታው፤ ያኔ ስሕተቱ የእኔ ነበር» አሉና ፈቱት። ለቀስተኛው ጥቂት ነበር። ሰው ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማልቀስ ያፍራል።

ሰዉ ሲበተን እኔና እናቴ ከአጥሩ ሥር ቀረን። አባቴን ከተመለሰ ወዲህ እሳቸው ስትለው ነበር የኖረችው፤ ያን ቀን ግን እሱ አለችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትጮኺ» አለች። «ያ ነጋዴ የመጣ ቀን አባትሽ አለመሞቱን አውቄ ነበር።»

አፌ ተያዘ። እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው!

«ሙት ዕቃ ይልካል እንዴ? ቀበርሁት የሚል ሰው አልመጣ፣ የት ወደቀ የሚል አልመጣ። ዕቃ የሚልክ የቆመ ሰው ነው። አንድ ቃል ብናገር ሁሉም በተበተነ። ግን አምስት ዓመት ጠብቄ ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ። ይህችን ይዤ ሌላ አምስት ዓመት ልቀመጥ ነው ብዬ ፈራሁ። ሁሉም አፍጥጦ ያየኛል። ጮኽሁ።»

«እሱስ? ይህን ሳያውቅ ሞተ?» አልኋት፤ ልመታት ምንም አልቀረኝም።

«በመጣ በሳምንቱ በዚሁ አጥር ነገርሁት። ሦስት ቀን አላናገረኝም። እስከዚያ ድረስ በስሜ ነበር የሚጠራኝ፤ ቆቡን እያየ እንኳ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። በአራተኛው ቀን መጣና 'እማሆይ፣ እንደምን አደሩ?' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስሜን ጠርቶ አያውቅም።»

«ይቅር ማለቱ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ስንት ጊዜ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ነገ፣ ነገ ስል ዛሬ ቀበርነው።»